ሥራ ስገባ የሚለቀኝ ራስ ምታት

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ41 ዓመት ሴት ነኝ። ከሁለት ወር ወዲህ ጠዋት ስነቃ ግንባሬን ጠፍሮ የሚይዝ ራስ ምታት ያሠቃየኛል፤ አንዳንዴም ያቅለሸልሸኛል። ሥራ ገብቼ ጥቂት ሰዓት ስቆይ ይለቀኛል፤ እሑድ ግን ቀኑን ሙሉ አብሮኝ ይውላል። ባለቤቴንም ሰሞኑን ድካም ድካም ይለዋል፤ እሱ የሥራ ብዛት ነው ባይ ነው። ብርዱ ከገባ ጀምሮ የማገዶ ምድጃችንን እናነዳለን። የጭስ ማውጫ ስላለው ቤታችን ምንም አይሸትም። እሳቱ እስኪነጋ እንዲቆይልን ማታ የአየር ማስገቢያውን ዘግተን እንተኛለን። ጠዋት ጠዋት ሁለት ፍሬ ፓራሲታሞል እወስዳለሁ፤ ካልተሻለኝ አይቡፕሮፌን እጨምርበታለሁ። ጥያቄዬ መድኃኒቱ ጨጓራዬን ይጎዳው ይሆን የሚል ነው። ታላቅ እህቴ ከአራት ዓመት በፊት በጭንቅላት ዕጢ ነው ያረፈችው።

መልስ፦ የደብዳቤዎ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር የጥያቄ ምልክት የለውም። ቢሆንም ሌላው ሁሉ የተጻፈው ለእሱ ሲባል ይመስለኛል። ስለዚህ ጨጓራው ይቆየንና ከእሱ እጀምራለሁ።

ዕጢ ቤትንና ሥራ ቦታን አይለይም። በሥራ ቀን ረፋዱ ላይ ለቅቆዎት እሑድ ቤት ሲውሉ ቀኑን ሙሉ የሚጫንዎ ነገር ጭንቅላትዎ ውስጥ የበቀለ ሳይሆን ቤትዎ ውስጥ ያለ ነገር መሆኑን ነው የሚነግረኝ። ደግሞስ የእርስዎ ዕጢ ባለቤትዎን እንዴት ያደክማቸዋል? እህትዎን ነፍስ ይማር። የእሷ ሞት ሁለት ወር ሙሉ አንድ ነገር ብቻ እንዲያስቡ አድርጎዎታል፤ አልፈርድብዎትም።

አሁን ደግሞ እዘዝዎታለሁ። ምድጃው ዛሬ ማታ አይነድም። ልብስ ይደርቡ፣ ዘመድ ቤት ይደሩ፣ እንዳሻዎ። ነገም ከነገ ወዲያም አይነድም፤ መቼ እንደሚነድ ወደ ታች እነግርዎታለሁ። ከዚያ ከባለቤትዎ ጋር ሆነው፣ እርስዎ ብቻዎን ሳይሆን፣ ወደ ሕክምና ይሂዱና «ቤታችን የማገዶ ምድጃ አለ፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ የደም ምርመራ ይደረግልን» ብለው በአፍዎ ይናገሩ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከእሳት የሚወጣ መርዘኛ ጋዝ ነው። አሁን ይህን ሲያነቡ ራስዎን የሚያምዎ ከሆነ ሳይውሉ ሳያድሩ ይሂዱ። ንጹሕ አየር እየተነፈሱ በቆዩ ቁጥር ጋዙ ከደምዎ ይወጣል፤ በአራት በአምስት ሰዓት ውስጥ መጠኑ በግማሽ ይቀንሳል። ሥራ ውለው አመሻሽ ላይ ቢመረመሩ ውጤቱ ዝቅ ብሎ ሊገኝ ይችላልና፣ ያ ምድጃውን ነጻ አያወጣውም።

«ቤታችን ምንም አይሸትም» ብለዋል። ይህችን አባባል ስንት ጊዜ እንደሰማኋት ብነግርዎ አያምኑኝም። እሳት በሌለበት ጭስ የለም ይባላል፤ ሰዉ ግን ነገሩን ገልብጦ ጭስ በሌለበት አደጋ የለም ብሎ ይተኛል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ዓይን አይቆጠቁጥም፣ አያስልም። የሚሸተውና የሚያስለው ጭሱ ነው፤ እሱ እንኳን ቢያንስ አስጠንቅቆ ነው የሚመጣ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ደም ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ላይ ይጣበቃል፤ የሚጣበቅበት ኃይልም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ኦክስጅን ቦታውን ተቀምቶ ይቀራል። የማዕድን ሠራተኞች ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ትንንሽ ወፎችን በሽቦ ቤት ይዘው ወደ ጉድጓድ ይወርዱ የነበረው የሰው አፍንጫ ለዚህ ጋዝ ዋጋ እንደሌለው ስላወቁ ነው። ወፏ ቀድማ ስትወድቅ እነሱ ይወጣሉ። ብሪታንያ ወፎቹን በመሣሪያ የተካችው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። እርስዎ ግን አሁንም አፍንጫዎን ይዘው ወርደዋል።

የማታው አዘጋግዎ ደግሞ ችግሩን አብሶታል። እሳት አየር ሲያጥረው ይታፈናል፤ የታፈነ እሳት ደግሞ ከሚንቦገቦገው ይልቅ ካርቦን ሞኖክሳይድ በብዛት ያመነጫል። ነበልባሉ ጠፍቶ ፍሙ ብቻ ሲቀር «አሁንማ ጨስ አይል» ብለን ልባችን ያርፋል። ያን ጊዜ ግን የጭስ ማውጫው እየቀዘቀዘ ነው። ጭስ ማውጫ የሚስበው ሲሞቅ ነው፤ ሲቀዘቅዝ መሳቡን ይተዋል፣ ረመጡ ግን ሥራውን አላቆመም። ከላይ መውጫ ያጣው ጋዝ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ሰዓቱ ሌሊት ነው፤ እናንተ እንቅልፍ ላይ ናችሁ። ጠዋት ራስዎን አሞዎት መነሳትዎ ዕድል ነው ብዬ ባስፈራራዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ያልተነሱ አሉ።

የበሽታው ስም ብዙ ጊዜ የሚጠፋውም ጉንፋን ስለሚመስል ነው። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፤ ነገር ግን ትኩሳት የለም። በሥራዬ የመጀመሪያ ዓመታት አንድ ባልና ሚስት በዚህ ምልክት መጡ። ጣታቸው ላይ የኦክስጅን መለኪያውን አደረግሁ፤ 99 አለ፣ የሚያስደስት ቁጥር። የጉንፋን ማስታገሻ ጽፌ ሸኘኋቸው። በማግስቱ የተዝለፈለፈ ልጃቸውን ታቅፈው ተመለሱ። ያ ጣት ላይ የሚቆነጥጥ መለኪያ በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘውንም ሄሞግሎቢን ኦክስጅን እንደያዘ አድርጎ ይቆጥረዋል። ደሙ ሁለቱንም ሲይዝ ደማቅ ነውና ይሸወዳል። ልጁ በኦክስጅን ዳነ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ጠዋት ራሱን የሚያመውን ሰው ሁሉ «ቤት ውስጥ ሌላ የሚያመው አለ? ከቤት ሲወጡ ይተውዎታል?» ሳልል አልለቅም። እርስዎ ሁለቱንም ሳልጠይቅ መልሰውልኛል። ስለዚህ በጣትዎ ላይ 99 ብለው ቢያሰናብቱዎ አይመለሱ፤ የደም ምርመራውን ይጠይቁ።

ከቤተሰቡ መካከል ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን ወይም የልብ ሕመምተኛ ካለ ደግሞ ከሁሉ በፊት እሱ ይታይ። የሆነ ሰው ግራ ከተጋባ፣ ከዘላበደ፣ ደረቱን ካመመው ወይም ራሱን ከሳተ ግን መስኮት ከፍቶ መጠበቅ የለም፤ ሁሉም ወደ ውጭ፣ ከዚያ አምቡላንስ። ምድጃው ምን ሆኖ ነው ብሎ ተመልሶ መግባትም የለም።

ወደ መድኃኒቱ ስመጣ ትዕግሥቴ ያልቃል። ሁለት ወር! አይቡፕሮፌን በየቀኑ ጨጓራን ይጎዳል ወይ? አዎ፣ ሊጎዳ ይችላል፤ ኩላሊትንም ሊያውክ ይችላል። ማስታገሻን በወር ውስጥ ከግማሽ በላይ ለሆኑ ቀናት ለወራት የወሰደ ሰው ራሱ ማስታገሻው ራስ ምታት ሊያመጣበት ይችላል። ይህ ሁሉ ግን ትንሹ ነገር ነው። ትልቁ፣ ሰውነትዎ በየማለዳው «ውጪ ከዚህ ቤት» ሲልዎ እርስዎ በሁለት ፍሬ ክኒን አፉን ይዘጉት ነበር።

ምድጃው እንደገና የሚነደው ሙያው ያለው ሰው የጭስ ማውጫውን ከላይ እስከ ታች ጠርጎና መርምሮ ሲጨርስ ነው። ይህ በዓመት አንድ ጊዜ ቢያንስ የግድ ነው፣ ብርዱ ሳይገባ። ማታ ማታ የሚያፍኑት እሳት ጥቀርሻ ብቻ ሳይሆን ክሪዮሶት የሚባል ቅጥራን የመሰለ ነገርም በቱቦው ግድግዳ ላይ ይጋግራል። ጋገራው 3 ሚሊ ሜትር ከደረሰ መጠረግ አለበት፤ ቱቦውን ያጠብበዋል፣ ከባሰም በእሳት ይያያዛል። ወፍ ጎጆ ሠርታ ሊሆንም ይችላል። የምድጃዎ የበር መስታወት በየማለዳው ጠቁሮ የሚያድር ከሆነ የቱቦው ውስጥ ምን እንደሚመስል መገመት አያዳግትም። በሩን ደግሞ በወረቀት ይፈትሹት፤ ቁራጭ ወረቀት አስገብተው ይዝጉትና ይሳቡ። ሳይቀደድና ሳያንገራግር ሹልክ ብሎ ከወጣ የበሩ ማሸጊያ ገመድ ሞቷል፤ ይቀየር።

ማገዶው ይደርቅ። በቅርብ የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ የሚሆነው ውሃ ሊሆን ይችላል፤ ለምድጃ ከ20 በመቶ በታች ሲሆን ነው የሚሻለው፤ ለዚያ የፍልጡ ዓይነት እየታየ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ዝናብ ሳይነካው ነፋስ ላይ ይቆያል። ሁለት ፍልጥ ሲያጋጩ ጥርት ብሎ ከጮኸ ደርቋል፤ ዱብ ካለ ይቆይ። እሳቱን በነበልባል ያንድዱት፣ ከመተኛትዎ በፊት በራሱ እንዲያልቅ ይተውት፤ አየሩን ዘግቶ ማሳደር ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል። የወጥ ቤት አየር መምጠጫ ማራገቢያም ምድጃው ሲነድ ይጥፋ፣ ጭሱን ከቱቦው ወደ ቤት መልሶ ሊስበው ይችላልና። አመዱን ክዳን ባለው ብረት ዕቃ አድርገው ከቤት ውጭ ያቆዩት፤ ረመጥ አመድ ሥር ለቀናት ሊያደፍጥ ይችላል።

የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ መሣሪያ ይግዙ። የጭስ ማንቂያው ይህን ጋዝ አያውቀውም፤ ሌላ መሣሪያ ነው። አንዱን ምድጃው ያለበት ክፍል፣ አንዱን መኝታ ቤታችሁ አጠገብ ይስቀሉ። የሚያልቅበት ቀን ጀርባው ላይ ተጽፏል፤ አልፎበት ከተሰቀለ ጌጥ ነው።

የዕጢውን ነገር ዝም ብዬ እንዳላልፈው ነው። ምድጃው ጠፍቶ፣ ማስታገሻውም ቆሞ ሁለት ሳምንት ከሞላ በኋላ ራስ ምታቱ ካልለቀቀዎት ሐኪሙ ፊት ቁጭ ብለው የእህትዎን ታሪክ ይንገሩት፤ የነርቭ ምርመራና አስፈላጊ ከሆነም የጭንቅላት ምስል ያዝልዎታል። ሁለት ሳምንቱን ሳይጠብቁ የሚሄዱት ግን የሚጥል ነገር ከመጣ፣ አንድ ጎን ከደከመ፣ ዓይን ከደበዘዘ፣ ንግግር ከተሳሰረ ወይም ማስመለሱ ከቀጠለ ነው። የጋዙ ጉዳትም ከሳምንታት በኋላ በመርሳት፣ በጠባይ መለወጥና በመንገዳገድ ብቅ ሊል ይችላል፤ «ድካም ድካም» የሚላቸው ባለቤትዎም በዚህ ይታዩ። የሥራ ብዛት ነው ካሉ ደብዳቤዎን ያንብቡላቸው።