«ሆስፒስ» የሚለውን ቃል ከመተርጎማችሁ በፊት

በአሜሪካ ሆስፒታሎች በነርስነትና በአስተርጓሚነት ሥራ ለምትጀምሩ ልጆቼ፣

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ሐኪም ለአንዲት እናት ስለ ሆስፒስ፣ ማለትም ሕመሙን ከማዳን ይልቅ ሥቃይን በማስታገስ ላይ ስለሚያተኩረው የዕድሜ ፍጻሜ እንክብካቤ፣ ረዘም አድርጎ ተናገረ። ልጃቸው «ቤት ገብተሽ ታርፊያለሽ፣ ቪታሚንም ይሰጡሻል ነው የሚለው» ብሎ ቋጨው። ከሠራተኞቹ አማርኛ የምሰማ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ዝም አልኩ። እናትየው ነጠላቸውን እየሳቡ «ይህ ሁሉ ንግግር ለቪታሚን ነው?» አሉ። አገራቸው ገብተው መሞት ይመኙ እንደነበር የሰማሁት ለቅሶ ላይ ነው።

በልጁ አልፈርድም። መርዶ ለዘመድ ማርዳቱን እናውቅበታለን፤ በማለዳ፣ ሰው አሰባስበን። ለሚሞተው ለራሱ መንገር ግን ጭካኔ ይመስለናል። አያቶቻችን እንዲህ አልነበሩም፤ የንስሐ አባትና ሽማግሌ አስጠርተው፣ ማን ዘንድ ዕዳ እንዳለባቸው ሳይቀር ተናዘው ይሞቱ ነበር።

ስለዚህ አስቀድማችሁ ታማሚውን ጠይቁ፤ ተቀምጣችሁ። «ስለ ሕመምዎ ምን ነገሩዎት? ሁሉን ልንገርዎ ወይስ ከልጅዎ ጋር ልነጋገር?» «ለልጄ ንገሩ» ካሉ እሰየው፤ ምርጫው ግን የእርሳቸው ይሁን። ልጅን በእናቱ ሞት ላይ አስተርጓሚ አታድርጉ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት።

ሆስፒስ ሲባል «ልትጥሉኝ ነው?» የሚሉ ብዙ ናቸው። አብዛኛው እንክብካቤ የሚሰጠው በገዛ ቤታቸው እንደሆነ ንገሯቸው፤ አልጋው፣ ኦክስጅኑ፣ ማስታገሻው እዚያው ይመጣል። በሜዲኬር፣ በዋናነት ለአረጋውያን በሆነው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን፣ ለመግባት ሕመሙ በተለመደው መንገዱ ከሄደ ዕድሜያቸው ከ6 ወር እንደማይዘል ሐኪሞች ማረጋገጥ አለባቸው። ስድስት ወር ግን ቀነ ቀጠሮ አይደለም፤ ካለፉት በድጋሚ ተገምግመው ይቀጥላሉ፤ ሐሳባቸውን ከቀየሩም ፈርመው ይወጣሉ። ሞርፊን ስትሉ ቤተሰቡ ፊቱ ይለዋወጣል። በልኩ የተሰጠ ሞርፊን ሥቃይንና የትንፋሽ ማጠርን እንደሚያስታግስ ደጋግማችሁ አስረዱ።

አንድ አባት «ለፋሲካ እደርሳለሁ?» ብለው ጠየቁኝ። ጾሙ ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። «እርግጠኛ አይደለሁም፤ የምደርስ አይመስለኝም ካሉ ግን አልከራከርዎትም» አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው የንስሐ አባቴን ጥሩልኝ፤ ከፈቀዱልኝ ዶሮው አሁን ይሠራ» አሉ። ተፈቀደላቸው። ልጃቸው ወጥ ቤት ገብታ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች፤ ዕንባዋን ማንም ምክንያቱን አልጠየቃትም።