ክርስትና ሳትነሣ ክትባት ትውሰድ?

ጥያቄ፦ ሴት ልጄ 43 ቀኗ ነው። ክርስትናዋ በ80 ቀኗ ነው። ጤና ጣቢያ ለክትባት ቀጥረውኛል፤ አማቴ ግን «ሜሮን ሳትቀባ መርፌ አትወጋም፤ አንቺም አራስ ነሽ፣ ከቤት አትወጪም» አሉኝ። ማስከተብ እምነት ማጣት ነው? (ከጎንደር፣ አዘዞ)

መልስ፦ እኅታችን፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ውሰጃት፤ ቀጠሮው አይለፍ። 40 እና 80 ቀን፣ ኩፋሌ 3 ላይ ስለ አዳምና ሔዋን ወደ ገነት መግባት እንደተጻፈው፣ ልጅ የሚጠመቅበት፣ እናትም ወደ ቤተ መቅደስ የምትገባበት ቀን ነው። ጤና ጣቢያ መሄድን የሚከለክል ሥርዓት የለም። አማትሽ የአራስ ወግን ከሥርዓት ጋር ቀላቅለውት ነው፤ ለልጅቷ ተጨንቀው ነውና ቀስ ብለሽ አስረጃቸው። ሲራክ 38ም እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር እንደፈጠረ፣ ብልህ ሰውም እንደማይንቀው ይናገራል።

80ን መጠበቅ ምን እንደሚያሳጣት ደግሞ ቁጠሪው። በ6ኛው ሳምንት፣ በተለምዶ 45 ቀን በምንለው፣ ጭኗ ላይ የምትወጋው አንዱ መርፌ ብቻ ትክትክን፣ ዲፍቴሪያን፣ መንጋጋ ቆልፍን፣ ሄፓታይተስ ቢን፣ ሳንባ ምችና ማጅራት ገትር የሚያመጣውን ሂብ የተባለ ባክቴሪያም ይከላከላል። የፖሊዮና የተቅማጥ ጠብታ አብሮ ይሰጣል። ሁለተኛው ዙር በ10ኛው ሳምንት ነው፤ እሱም ከ80 ቀን በፊት ይደርሳል። ትክትክ ትልቁን ሰው ሲያስለው ይከርማል፤ የሁለት ወር ሕፃን ግን ትንፋሽ ሊያቋርጥባት ይችላል። አንድ ዙር ቢያልፍ እንኳ ካቆመችበት ትቀጥላለች እንጂ ከመጀመሪያ አይጀመርም።

የምትቆርብበት ቀንና ዋዜማው ላይ ቀጠሮ አትያዢ። ጠብታው ሊያስመልሳት ይችላል፤ መርፌውም አንድ ሁለት ቀን ሊያተኩሳት ስለሚችል ቢያንስ ሦስት ቀን ይቅደም። ስትወለድ የተወጋችው የሳንባ ነቀርሳ መርፌ ክንዷ ላይ ትንሽ ቁስል ቢያወጣ የሚጠበቅ ነው፤ አታፍርጪው፣ ቅቤም አትቀቢው። ውኃ አይጎዳውም፤ ሜሮኑ 36 ቦታ ሲቀባ እንዳይታሽ ግን ለካህኑ አሳያቸው።

የኩፍኙ ክትባት በ9 ወር፣ ድጋሚው በ15 ወር ነው። ቀደም ብሎ የማይሰጠው ከእናቷ የወረሰችው መከላከያ ክትባቱን ስለሚያዳክመው ነው። ኩፍኝ የወጣበትን ልጅ ግን ሕዝብ ወደተሰበሰበበት ጠበል ይዞ መሄድ የጎረቤትን ልጅ ማስያዝ ነው፦ ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን በፊት ጀምሮ ከወጣ በኋላም እስከ 4 ቀን ይተላለፋል፤ ሕመምተኛው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ እስከ 2 ሰዓት አየር ላይ ይቆያል። ጠበሉን በጀሪካን ወደ ቤት አስመጡለት፤ ጤና ጣቢያም ደውላችሁ አሳዩት፣ ዓይኑን ከመታወር የሚጠብቅ ቫይታሚን ኤ ይሰጡታል።