አዳዲስ የኢንዲ ሮክ አልበሞችን ከየት ልጀምር ላልሽው፦ ዝርዝሩን ተዪና ሰው እየተከተልሽ ስሚ

እህቴ፣ «ያለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት የኢንዲ ሮክ አልበሞችን ከየት ልጀምር? የምትወዷቸውን ዘፈኖችም ንገሩኝ፤ የዓመቱ ምርጥ 50 የሚሉትን ዝርዝሮች ሞክሬ ሁሉም ተመሳሰሉብኝ» ብለሻል። ኢንዲ ሮክ ማለት ከትልልቆቹ የሙዚቃ ኩባንያዎች ውጪ የበቀለ የሮክ ሙዚቃ ነው፤ ይህን ሙዚቃ ለዓመታት በፍቅር ስሰማ ስለኖርኩ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ። ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ዝርዝር ላይ አንዱ አልበም ከለንደን፣ ቀጣዩ ከቶሮንቶ፣ ሌላው ከሜልቦርን ይመጣል፤ ጆሮ አንዱን ሳይለምድ ወደሚቀጥለው ይዘላል። ቢመሳሰሉብሽ አይገርምም። እኔን የጠቀመኝ ሰው መከተል ነው። አንድ አልበም ስትወጂ ጊታሩን ማን መታው፣ ሁለተኛውን ድምፅ ማን ያዘ፣ ማንስ ፕሮዲውስ አደረገው (የቀረጻውን ሥራ መርቶ ድምፁን ቅርጽ ያስያዘው ማን ነው) ብለሽ ታያለሽ፤ ከዚያ ያ ሰው ወደ ሠራበት ሌላ አልበም ትሄጃለሽ። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በካሴት ዘመን ሽፋኑን ገልብጠን ያጀበው ሮሃ ባንድ መሆን አለመሆኑን እናይ ነበር። በኋላም ያቀናበረው ኤልያስ መልካ ነው ከተባለ ዘፋኙን ሳናውቀው እንኳ አልበሙን እንገዛ ነበር።

መነሻሽ የዋክሳሃቺ «ታይገርስ ብለድ» ይሁን። ዋክሳሃቺ የባንድ ስም ይመስላል እንጂ የኬቲ ክራችፊልድ የመድረክ ስም ነው። ኬቲ የበርሚንግሃም፣ አላባማ ልጅ ናት፤ ስሙንም የወሰደችው እዚያው አላባማ ውስጥ ካለ ጅረት ነው። አልበሙ ማርች 22 ቀን 2024 ወጣ፤ 12 ዘፈን አለው፣ ለእኔ አንዱም የሚታለፍ አይደለም። መጀመሪያ ግን «ራይት ባክ ቱ ኢት» የሚለውን ስሚ። የፊል ኩክ ባንጆ (ክብ ሆድ ያለው፣ ጊታር መሰል የክር መሣሪያ) ይቀድማል፣ ከበሮው ሳይቸኩል ይከተለዋል፣ አዝማቹ ላይ ደግሞ አንድ የወንድ ድምፅ ከሥሯ ይገባል። የወንዱ ድምፅ የሰለጠነ ድምፅ አይባልም፤ ትንሽ ይዝላል፣ ትንሽ ይሰነጠቃል፤ የእሷ ደግሞ ጥርት ያለና ደፋር ነው። ሁለቱ ሲገናኙ የሚፈጠረውን ነገር እስከ ዛሬ አልጠገብኩትም። የሚዘፍኑት ብዙ ስለቆየ ፍቅር ነው፤ ልብ ባዝኖ ባዝኖ ተመልሶ እዚያው ስለሚያርፍበት ፍቅር። ስለ ፍቅር መጀመሪያና ስለ መለያየት የተዘፈነው ስፍር ቁጥር የለውም። ስለ መሃሉ፣ ሰው አብሮ ሲኖር ስላለው፣ እንዲህ በእርጋታ የሚነግር ዘፈን ግን ጥቂት ነው።

ያ ወንድ ኤምጄ ሌንደርማን ይባላል። እሱን ተከተይው።

ሌንደርማን የአሽቪል፣ ኖርዝ ካሮላይና ልጅ ነው። «ማኒንግ ፋየርወርክስ» የተባለው አልበሙ ሴፕቴምበር 6 ቀን 2024 ወጣ፤ ዘጠኝ ዘፈን ብቻ አለው። ጊታሩን ብቻ ሳይሆን አብዛኛውን መሣሪያ የመታው ራሱ ነው፤ የተቀዳውም እዚያው አሽቪል፣ ድሮፕ ኦፍ ሰን በሚባል ስቱዲዮ ነው። ይህ አልበም እጅግ የሚያስደንቀኝ የሚዘፍንላቸውን ሰዎች በሚያይበት ዓይን ነው። «ሪስትዎች» ላይ ስለ ንብረቱ የሚፎክር ሰው አለ፤ የእጅ ሰዓቱ ብዙ ነገር ትችላለች፣ ከምትነግረው ነገር አንዱ ግን ብቻውን መቅረቱን ነው። «ሺስ ሊቪንግ ዩ» ላይ ደግሞ ሴቲቱ ጥላው ልትሄድ የተነሳች ጎልማሳ አለ። እነዚህ ሰዎች ከንቱ ናቸው፣ ይዋሻሉ፣ ያሳፍራሉ። ሌንደርማን ግን አይዘባበትባቸውም፣ አይሰብክባቸውምም። ጊታሩ ለእነሱ የሚያዝን ይመስለኛል፤ በቃል ያላሉትን እሱ ይልላቸዋል። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብትዪኝ «ሺስ ሊቪንግ ዩ»ን እመርጣለሁ። የመጨረሻው ዘፈን መዝጊያ ላይ ለብዙ ደቂቃ የሚያጉረመርም ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው፤ ስልክሽ ተበላሽቶ እንዳይመስልሽ።

«ሺስ ሊቪንግ ዩ» ላይ ከኋላው የምትሰማው የሴት ድምፅ የካርሊ ሃርትዝማን ነው፤ ዌንስደይ የሚባለው የአሽቪል ባንድ መሪ። ሌንደርማን የዚህ ባንድ ጊታሪስት ነበር። አሁን አብሯቸው ለኮንሰርት አይዞርም፤ በሴፕቴምበር 2025 በወጣው «ብሊድስ» ላይ ግን ጊታሩ አለ። ወደ ዌንስደይ ስትገቢ ቀስ ብለሽ ይሁን። በ2023 የወጣው «ራት ሶው ጎድ» ገና መጀመሪያው አካባቢ «ቡል ቢሊቨር» የሚባል ከስምንት ደቂቃ በላይ የሚፈጅ ዘፈን አለው፤ መጨረሻው የለየለት ጩኸት ነው። እኔ ይህን ጩኸት እወደዋለሁ፤ ሐዘን በልኩ ሲወጣ እንዲህ ነው የሚሰማው። ለጀማሪ ግን ከባድ ነው። ስለዚህ ከዚያው አልበም «ቾዝን ቱ ዲዘርቭ»ን አስቀድሚ። ሃርትዝማን ለምትወደው ሰው የወጣትነቷን ጉድ ሁሉ አንድ በአንድ ትዘረዝርለታለች፣ ይህን ሁሉ ሰምቶ እንዲወዳት። ቀጥሎ ከ«ብሊድስ» «ኤልደርቤሪ ዋይን»ን ስሚ። እዚህ ላይ የዛንዲ ቼልሚስን ስቲል ጊታር ልብ በዪ፤ ተጋድሞ፣ ብረት ገመዱ ላይ እየተንሸራተተ የሚመታው ጊታር ነው። ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲንሸራተት እንደ ማሲንቆ ያለቅሳል። በማሲንቆ ያደገ ጆሮ ለዚህ ሙዚቃ ባዕድ አይሆንም ብዬ የማምነው በዚህ የተነሳ ነው።

የዚህች ከተማ ሙዚቀኞች ምን ያህል እንደተሳሰሩ የታየው ደግሞ በክፉ ቀን ነው። «ማኒንግ ፋየርወርክስ» በወጣ በሦስተኛው ሳምንት ሄሊን የተባለው ማዕበል አሽቪልንና አካባቢዋን በጎርፍ አወደመ። ብዙም ሳይቆይ ከ130 በላይ ዘፈኖችን የያዘ የእርዳታ አልበም ተዘጋጅቶ ባንድካምፕ በተባለው የሙዚቃ መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ለሽያጭ ቀረበ፤ አር.ኢ.ኤምን የመሰሉ አንጋፎችም ሥራቸውን ሰጥተውበታል።

አሁን ወደ ኬቲ እንመለስና ወደ ኋላ እንሂድ። «ታይገርስ ብለድ»ን ፕሮዲውስ ያደረገው ብራድ ኩክ ነው፤ ባንጆውን የመታው የፊል ወንድም። ያው ብራድ በማርች 2020 የወጣውን «ሴንት ክላውድ»ንም ሠርቷል፤ ኬቲ መጠጥ ካቆመች በኋላ የጻፈችው አልበም ነው። ዓለም ቤቱን ዘግቶ በተቀመጠበት ሰሞን ስለወጣ ብዙዎቻችን ከልባችን አጥብቀን ይዘነዋል። ከዚያ «ፋየር»ንና «ላይላክስ»ን አትለፊ። ያሳተመው መርጅ ሪከርድስ በ1989 ሱፐርቻንክ የተባለው ባንድ አባላት ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ያቋቋሙት ትንሽ ኩባንያ ነው። ኢንዲ የሚባለው ነገር ሥሩ እንዲህ ያለው ነው፤ ሙዚቀኞች ትልቁን ኩባንያ ደጅ ከመጥናት የራሳቸውን ያቆማሉ። የዚህ ቤት ባንድ አርኬድ ፋየር በ2011 የዓመቱን ምርጥ አልበም ግራሚ ሲወስድ ትንሽ ቤትም የት እንደሚደርስ ታየ።

ከበሮውንስ? «ታይገርስ ብለድ» ላይ የሚመታው ስፔንሰር ትዊዲ የዊልኮ ባንድ መሪ የጄፍ ትዊዲ ልጅ ነው። በዚህ በኩል ከሄድሽ የዊልኮን የ2002 አልበም «ያንኪ ሆቴል ፎክስትሮት»ን ታገኚያለሽ፤ የራሳቸው ኩባንያ አላወጣም ብሎ የመለሰው፣ ሌላ ኩባንያ ያወጣው፣ ዛሬ ከዘመኑ ታላላቅ ሥራዎች የሚቆጠር አልበም ነው።

ከዚህ ቡድን ውጪ አንድ ብቻ ልጨምር። ቢግ ቲፍ የተባለው ባንድ ዘፋኝ ኤድሪያን ሌንከር «ብራይት ፊውቸር»ን ያወጣችው በዚያው ማርች 22 ቀን 2024፣ ከ«ታይገርስ ብለድ» ጋር በአንድ ቀን ነው። «ሳድነስ አዝ ኤ ጊፍት»ን ማታ ብቻሽን ስትሆኚ ስሚው።

ከግጥሙ ላታመልጪ ነው፤ የእነዚህ ሰዎች ግማሽ ኃይል እዚያ ነው። መጀመሪያ ዝም ብለሽ ስሚ፣ በሁለተኛው ግጥሙን ከኢንተርኔት አውጥተሽ እያነበብሽ ተከታተዪ። በኦክቶበር 2025 መጨረሻ ደግሞ ኬቲ ከመንትያ እህቷ ከአሊሰን ጋር ስኖካፕስ በሚል ስም ድንገት አንድ አልበም አውጥታለች፤ አጃቢዎቹ እነማን ናቸው? ሌንደርማንና ብራድ ኩክ። እሱን ለመጨረሻ አቆዪው፤ ያኔ ሁሉንም በድምፃቸው ትለያቸዋለሽ።

«ታይገርስ ብለድ»ን ጨርሰሽ ካልጣመሽ ምኑ እንዳልጣመሽ እዚሁ ጻፊልኝ። የጊታሩ ጫጫታ ከሆነ ወደ ሌንከር፣ የኬቲ ድምፅ ከሆነ በቀጥታ ወደ ሌንደርማን እመራሻለሁ።