መልስ፦ የባሕር በረዶ ዳታው ድጋፍ ተቀነሰ፤ የመመረቂያ ርዕሴን ልቀይር?

አትቀይር። ዳታው አልጠፋም። በ2025 (እ.ኤ.አ.) የኖኣ (የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት) ድጋፍ ሲቋረጥ ኮሎራዶ ያለው የበረዶ መረጃ ማዕከል አገልግሎቱን ቀነሰ እንጂ ፋይሎቹን አላነሳም። ጥያቄ ብትልክላቸው ግን መልስ ላይመጣ ይችላል። ከ1978 ጀምሮ ስንት የተለፋበት መዝገብ በበጀት እጦት ጠባቂ ሲያጣ ማየት ያንገበግባል።

1. ፋይሉን ዛሬውኑ አውርድ። የቨርዥን ቁጥሩንና ያወረድክበትን ቀን መዝግብ።

2. ቀኖቹን አንድ በአንድ እይ። እስከ 1987 ድረስ መረጃው ያለው ቀን እየዘለለ ነው። ከዲሴምበር 1987 እስከ ጃንዋሪ 1988 ደግሞ ከወር በላይ ባዶ ነው። ባዶውን ዜሮ ብለህ እንዳትሞላ።

3. ቁጥሩ ከየትኛው መሣሪያ እንደመጣ አጣራ። ማዕከሉ በ2025 ከአሜሪካ ወታደራዊ ሳተላይቶች ወደ ጃፓኑ ኤኤምኤስአር2 (ሳተላይት ላይ የተጫነ መለኪያ መሣሪያ) ዞሯል።

ደጋግሜ ያየሁት ችግር እዚህ ጋ ነው፦ የሁለቱን ቁጥሮች እንዳሉ አንድ ላይ ማያያዝ። የጃፓኑ አጥርቶ ስለሚያይ የበረዶውን ጠርዝ ሌላ ቦታ ያደርገዋል። ስፌቱ ላይ በረዶ በአንዴ የቀለጠ ወይም የጨመረ ይመስልሃል። ኤኤምኤስአር2 ከ2012 ጀምሮ ስላለ ሁለቱ የተደራረቡባቸውን ዓመታት አወዳድር፤ ልዩነቱንም ጽሑፍህ ውስጥ በግልጽ አስቀምጥ። አማካሪህ መጀመሪያ የሚጠይቅህ እሱን ነው።