የደገፍኩት ሰው ከተሸነፈ በኋላ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ዜግነት ካገኘህ በኋላ ሜሪላንድ ውስጥ ዴሞክራት ሆነህ ተመዘገብክ። በፕሬዚዳንታዊው ፕራይመሪ (ፓርቲው ዕጩውን በሚመርጥበት ቅድመ ምርጫ) አንተ አንዱን፣ ባለቤትህ ሌላውን ደገፋችሁ። ያንተ ተሸነፈ፣ የሷ አሸነፈ። አሁን እሷም ጓደኞችህም «ለፓርቲው ታማኝ ሁን፣ አንድነት ይቅደም» እያሉ ይጎተጉቱሃል። «እምቢ ብል ከሃዲ ነኝ ወይ?» ብለህ ነው የጠየቅከው።

አይደለህም። ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም። እኔ ነቫዳ ውስጥ፣ ላስ ቬጋስ ነው የምኖረው፤ በሁለቱም በኩል ቆሜ አይቼዋለሁ። አንድ ጊዜ ተሸንፌ፣ አንድ ጊዜ አሸንፌ። የሚቆጨኝን ጥፋት ያጠፋሁት ባሸነፍኩበት ጊዜ ነው።

መጀመሪያ ስለ ምዝገባው ትንሽ ልበል። እኛ «የፓርቲ አባል» ሲባል የምናውቀው ሌላ ነገር ነው። ፎርም አለ፣ መዋጮ አለ፣ ስብሰባ አለ፣ ግምገማ አለ። ከወጣህ ደግሞ ስም ይወጣልሃል። እዚህ አገር ዴሞክራት ሆነህ ተመዘገብክ ማለት ወረቀት ላይ አንድ ሳጥን ምልክት አደረግክ ማለት ነው። ሜሪላንድ ዝግ ፕራይመሪ ስላላት፣ በዴሞክራቶቹ ፕራይመሪ ለመምረጥ ያን ምልክት ማድረግ ነበረብህ። ወንዙን ተሻግረህ ቨርጂኒያ ብትኖር የፓርቲ ምዝገባ የሚባል ነገር ራሱ የለም። በኖቬምበር፣ በዋናው ምርጫ፣ ደግሞ ምስጢር ነው፤ የፈለግከውን ትመርጣለህ፣ ማንም አይጠይቅህም። ስለዚህ ድምፅህ ላይ የፓርቲ ዕዳ የለም። ይህን ልብህ ውስጥ አስቀምጠውና የኔን ታሪክ ስማኝ።

2008 (የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆቹ ናቸው)። ዜግነት ካገኘሁ ሁለት ዓመቴ ነበር። አንድ ሆቴል ውስጥ ሃውስኪፒንግ እሠራ ነበር። የኩሊነሪ ዩኒየን፣ የሆቴልና የካዚኖ ሠራተኞች ማኅበር፣ አባል ነኝ። ኒው ሃምፕሸር ላይ ሂላሪ ባሸነፈች ማግስት ዩኒየኑ ኦባማን ደገፈ። እዚያው ስትሪፑ ላይ (የትልልቆቹ ካዚኖዎች ጎዳና ነው)፣ ካዚኖዎቹ ውስጥ፣ ለሠራተኛው ተብሎ ዘጠኝ ልዩ የኮከስ ጣቢያ ተከፈተ፤ ኮከስ ማለት በፕራይመሪ ፈንታ ሰው ተሰብስቦ ዕጩ የሚመርጥበት ነው። የመምህራን ማኅበር ሰዎች ይህ አግባብ አይደለም ብለው ከሰሱ። ዳኛው ክሱን ውድቅ ያደረገው ኮከሱ ሊካሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። አየሩ ምን ያህል የጋለ እንደነበር ከዚህ ገምት።

የኛ ሰው ሁሉ ኦባማ ነበር። አባቱ ኬንያዊ፤ የጎረቤታችን ልጅ። ታክሲ የሚነዳው፣ ካርድ የሚያድለው፣ ገበያው፣ ቡናው፣ ሁሉም ኦባማ። እኔ ግን ሂላሪን ደገፍኩ። ምክንያት ነበረኝ። እህቴ ስኳር በሽታ አለባት፤ በምትሠራበት ሱቅ ኢንሹራንስ አልነበራትም። የሂላሪ ዕቅድ እያንዳንዱ ሰው ኢንሹራንስ እንዲኖረው የሚያስገድድ ነበር። የኦባማ ያኔ የሚያስገድደው ለልጆች ብቻ ነበር። እኔ ይህችን ልዩነት ይዤ ነው የወሰንኩት።

ኮከስ ገብተህ የምታውቅ አይመስለኝም። ያኔ እኛ ጋ እንደ ፕራይመሪ በድብቅ አልነበረም። አዳራሽ ገብተህ፣ ሰው ሁሉ እያየህ፣ በደገፍከው ሰው ጥግ ትቆም ነበር። ጃንዋሪ 19 ቀን የሥራ ልብሴን እንደለበስኩ ገባሁ። የሀበሻ ጓደኞቼ በሙሉ በአንድ ጥግ ቆመዋል። እኔ ከሜክሲኮና ከኤል ሳልቫዶር ሴቶች ጋር በሌላው ጥግ። አንዷ ከማዶ ሆና በአማርኛ «ወገንሽን ጥለሽ!» ብላ ጮኸችብኝ። ሦስት ዓመት አብረን ምሳ የበላን ሰዎች ነን። ያን ቀን ከሠራተኛው መውጫ እስከ አውቶቡሱ ድረስ ብቻዬን ሄድኩ።

ሂላሪ ነቫዳን አሸነፈች። ኦባማ ግን በሰሜኑ የግዛቱ ክፍል ስለበረታ በዴሌጌት (በፓርቲው ጉባኤ ዕጩውን በሚመርጡት ተወካዮች) ቁጥር 13 ለ12 በለጣት። ሁለቱም ወገን «አሸንፈናል» አለ። ከዚያ እስከ ጁን ድረስ የነበረውን ታውቀዋለህ። የፍሎሪዳና የሚሺጋን ዴሌጌቶች ይቆጠሩ አይቆጠሩ የሚለው ጉዳይ፣ የሱፐር ዴሌጌቶቹ (ሕዝብ ሳይመርጣቸው ጉባኤው ላይ የፈለጉትን የሚመርጡ የፓርቲው ትልልቅ ሰዎች) ጉዳይ። በጁን 3 ኦባማ የሚያስፈልገውን ቁጥር ሞላ። በጁን 7 ሂላሪ ዘመቻዋን አቁማ ደጋፊዎቿን ለኦባማ እንዲሠሩ ጠየቀች። እኔ ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ አለቀስኩ።

ያኔ የሚያቆስለኝ ሽንፈቱ ብቻ አልነበረም። ከዚያ ጥቂት ወራት በፊት የቅንጅት መሪዎች ከእስር ተፈትተው አሜሪካ መጥተው ነበር። ከምርጫ 97 (ይህ በኛ አቆጣጠር ነው) በኋላ ያን ያህል ተስፋ የተጣለበት ድርጅት ዓይናችን እያየ ለሁለት ተሰነጠቀ። የአንዱ ደጋፊ የሌላውን ስብሰባ አይረግጥም። ቤተሰብ ተኮራረፈ። ሁለቱም ወገን ደግሞ አፉን የሚከፍተው «አንድነት» እያለ ነበር። ስለዚህ በጁን ወር ሰዎች መጥተው «አሁን አንድነት ነው» ሲሉኝ ቃሉ ራሱ ያመኝ ነበር። አንድነት ሲሉ «ዝም በይና ተከተይን» ማለታቸው መሰለኝ።

ታዲያ ምን መለሰኝ? ሁለት ነገር ነው። አንዱን ቴሌቪዥን ላይ አየሁት፣ ሌላው ቤቴ መጣ።

ቴሌቪዥን ላይ ያየሁት አሸናፊው ቀድሞ ሲሄድ ነው። ኦባማ ለሂላሪ የዘመቻ ዕዳ ከራሱ ኪስ 2,300 ዶላር ሊሰጥ ቃል ገባ። በሕጉ አንድ ሰው ሊሰጥ የሚችለው ያን ያህል ነበር። የራሱን ለጋሾችም እንዲያግዟት ጠየቀ። ብሩ ለዕዳው ምንም አይደለም፣ ሚሊዮኖች ነበር። ግን አየነው። በማግስቱ ሁለቱ ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ዩኒቲ በምትባል ትንሽ ከተማ አብረው ቆሙ። ዩኒቲ ማለት አንድነት ነው። ከተማዋን የመረጧት ለስሟ ብቻ አይደለም። በፕራይመሪው እዚያ ሁለቱም እኩል 107 ድምፅ አግኝተው ነበር። ኦገስት ላይ ዴንቨር በተደረገው ጉባኤ ሂላሪ ደጋፊዎቿን «እኔን ብቻ ብላችሁ ነበር ወይ፣ ወይስ ለነዚያ ችግር ላይ ላሉት ሰዎች?» የሚል ሐሳብ ጠየቀቻቸው። እኔ ስለ እህቴ አሰብኩ። በማግስቱ የዴሌጌቶቹ ቆጠራ ተቋርጦ ኦባማ በእልልታ እንዲመረጥ ሐሳብ ያቀረበችው ራሷ ነች።

ቤቴ የመጣችው ደግሞ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ነች። የጮኸችብኝ አይደለችም፣ ሌላ ነች። የኦባማ ደጋፊ። እሑድ ቀን ድፎ ዳቦ ይዛ መጣች። ቡና አፈላሁ። ስለ ኦባማ አንድ ቃል አልተናገረችም። «እስቲ ሂላሪ ላይ ምን አይተሽ ነበር?» አለችኝ። ስለ እህቴ ነገርኳት። ሰማችኝ፤ አላቋረጠችኝም። ሦስተኛው ስኒ ላይ ስንደርስ «እኔ ስለ ኢንሹራንሱ ይህን አላወቅኩም ነበር» አለች። በቃ። እንድመርጥ አልጠየቀችኝም።

ከዚያ በኋላ ነው ራሴ የሪፐብሊካኑን ዕጩ፣ የማኬይንን፣ ዕቅድ ማንበብ የጀመርኩት። አሠሪ ከሚሰጠው ኢንሹራንስ ላይ የታክስ ነፃነቱን አንስቶ ለቤተሰብ 5,000 ዶላር የታክስ ቅናሽ መስጠት ነበር ሐሳቡ። እኔ በዩኒየን ኢንሹራንስ የምኖር ሴት ነኝ። እህቴ ስኳር ያለባት ሴት ነች። ወሰንኩ። በኦክቶበር ከዚያች ባልደረባዬ ጋር ቤት ለቤት ዞርኩ። ኦባማ ነቫዳን በ12 ነጥብ ገደማ አሸነፈ።

አሁን ወደሚቆጨኝ ልምጣ።

2016። ልጄ 19 ዓመቱ ነው፣ ኮሌጅ ጀምሯል፣ በርኒ ሳንደርስን ይደግፋል። እኔ እንደገና ሂላሪ። በፌብሩዋሪ ኮከሱን አሸነፍን። ከዚያ የካውንቲው ስብሰባ ላይ ከኛ ወገን ብዙ ሰው ስላልመጣ የበርኒ ዴሌጌቶች በለጡ። ሜይ 14 ቀን የግዛቱ ጉባኤ ስትሪፑ ላይ ፓሪስ ሆቴል ተደረገ። ልጄ እዚያ ነበር። ሌሊት ተመልሶ መጣ፣ ድምፁ ጠፍቷል። «የስብሰባውን ደንብ በጩኸት ድምፅ አጸደቁት፣ እኛን አልሰሙንም» አለኝ።

እኔ ምን አልኩት መሰለህ? «ተሸንፋችኋል፣ ተቀበሉ» አልኩት። ስምንት ዓመት ሙሉ ያቆሰለኝን ነገር በራሴ አፍ ለልጄ ደገምኩለት። በዚያ አላበቃሁም። በጋውን ሙሉ «ለትራምፕ ነው የምትሠራው» እለው ነበር። እራት ላይ፣ መኪና ውስጥ፣ ሰው ፊት። በርኒ በጁላይ ሂላሪን ደገፈ። ጉባኤው ላይም እንደ ሂላሪ ያኔ፣ በእልልታ እንድትመረጥ ጠየቀ። መሪው የሚችለውን አደረገ። ቤቴ ውስጥ ግን ድፎ ዳቦ ይዞ የመጣ ሰው አልነበረም። መምጣት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ኖቬምበር ላይ ልጄ ሄዶ መረጠ። ለሴኔቱ፣ ለኮንግረሱ፣ ለትምህርት ቦርዱ፣ ሁሉን ሞላ። ለፕሬዚዳንት ግን «ከእነዚህ ዕጩዎች አንዳቸውንም» የሚለውን መረጠ። ነቫዳ ውስጥ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይህ ምርጫ ወረቀቱ ላይ አለ። ነቫዳን ሂላሪ አሸንፋለች፣ ስለዚህ የልጄ ድምፅ ምንም አልለወጠም። እኔ ግን ሂላሪ ያን ሌሊት ሚሺጋን ላይ በ10,704 ድምፅ ብቻ መሸነፏን ቆይቼ ስሰማ፣ የሚሺጋኑን ሁሉ በልጄ ራስ ላይ ቆለልኩት። ለወራት በቅጡ አልተነጋገርንም። ከቤት ወጥቶ ከጓደኞቹ ጋር መኖር ጀመረ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ፓርቲው ራሱ ደንቡን ለወጠ። ሱፐር ዴሌጌቶች ውጤቱ ካልታወቀ በቀር በመጀመሪያው ዙር እንዳይመርጡ ተደረገ። እነ ልጄ ይጮኹበት ከነበረው ነገር አንዱ ይህ ነው። ዜናውን ሳነብ ልጄ ሲያወራ አንድም ቀን በሥርዓቱ እንዳልሰማሁት ገባኝ። ደወልኩለትና ይቅርታ ጠየቅኩት።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ያንተን ጉዳይ እንዲህ ነው የማየው። አሁን ሐዘን ላይ ነህ። ለቅሶ ቤት ገብቶ በሦስተኛው ቀን «በቃ ተነስ፣ ሥራ አለ» የሚል ሰው የለም። ጊዜ ይስጡህ። አንተም በዚህ ሳምንት «መቼም አልመርጥም» ብለህ አትማል፣ በሰው ፊት የማልከው ነገር በኋላ እልህ ይሆንብሃል። 2008 ላይ እንደኔ የማሉ ብዙ ነበሩ። ከምርጫው በኋላ የተሠሩ የመራጮች ጥናቶች እንደሚያሳዩት የበርኒ መራጮች ወደ ትራምፕ ከሄዱት ይልቅ የሂላሪ መራጮች ወደ ማኬይን የሄዱት በድርሻ ይበልጡ ነበር። አብዛኛው ግን ተመለሰ። ኦባማም አሸነፈ።

ከዚያ ያንተን ሰው የደገፍክበትን ምክንያት ወረቀት ላይ ጻፈው። ሰውየውን አይደለም፣ ምክንያቱን። ቤት ኪራይ ነው? የስደት ወረቀት ነው? ጦርነት ነው? በኖቬምበር ከሚቀርቡት መካከል ለዚያ ነገር የሚቀርበው ማን እንደሆነ ራስህ አንብብ። አንዳቸውም ካልቀረቡ ደግሞ የፕሬዚዳንቱን መስመር ባዶ መተው ትችላለህ፣ ወረቀትህ አይበላሽም። ግን ቀሪውን ሙላ። የትምህርት ቦርዱ ልጆችህን ነገ ጠዋት የሚነካቸው ነው።

ይህን ጽሑፍ ባለቤትህ እንድታነበው እፈልጋለሁ። እህቴ፣ አሁን ያሸነፍሽው አንቺ ነሽ። «ምን አይተህበት ነበር?» ብለሽ ጠይቂው። እስኪጨርስ ስሚው። ከዚያ በኋላ ስለ ኖቬምበር ለማንሳት አትቸኩይ።

2020 ላይ በርኒ ነቫዳን አሸነፈ። እኔ የባይደን ነበርኩ። ልጄ ደስ ብሎት ደወለ፣ «እንኳን ደስ አለህ» አልኩት። በኤፕሪል በርኒ ሲያቆም እኔም በኮሮና ምክንያት ሥራ ፈትቼ ቤት ነበርኩ። ደወልኩለትና «ምን ተሰማህ?» አልኩት፣ አንድ ሰዓት አወራ፣ ሰማሁት። ያን ዓመት የምርጫ ወረቀቱ ለሁሉም በፖስታ ነበር የመጣው። ኦክቶበር ላይ አንድ እሑድ ወረቀቱን ይዞ ቤቴ መጣ። ቡና እያፈላሁ እሱ ጠረጴዛው ላይ ሞላ። እኔም ሞላሁ። ስለ ዳኞቹ ጠየቀኝ፣ የማውቀውን ነገርኩት። ለፕሬዚዳንት ማንን እንደመረጠ አልጠየቅኩትም፣ እስካሁንም አልጠየቅኩትም። ፖስታውን አሽጎ ፈረመበት። የኔንም አብሮ ይዞ ወጣ።