ጥያቄና መልስ፦ ጋዝና ቅንጣት በሁከታማ ፍሉዳይዝድ ቤድ ውስጥ

ጥያቄ፦ ቤዱ (ከታች በሚነፋ ጋዝ ተንሳፎ እንደ ፈሳሽ የሚንቀሳቀሰው የቅንጣቶች ክምር) ከአረፋማው ወደ ሁከታማው ሁኔታ መሸጋገሩ በምን ይታወቃል? በዓይን መለየት ይቻላል?

መልስ፦ በመስታወቱ በኩል የሚታየው ግድግዳው አጠገብ ያለው ብቻ ስለሆነ ዓይን አስተማማኝ ዳኛ አይደለም። የተለመደው ዘዴ የጋዙን ፍጥነት በየደረጃው እየጨመሩ የግፊቱን መዋዠቅ መመዝገብ ነው። አረፋዎቹ እየተዋሃዱ ሲያድጉ መዋዠቁ ይጨምራል፤ ከአንድ ጣሪያ በኋላ ግን መሰንጠቃቸው ከመዋሃዳቸው ስለሚበልጥ፣ ፍጥነቱ ቢጨምርም መዋዠቁ ይቀንሳል። ጣሪያው የታየበት ፍጥነት የሽግግሩ መነሻ ተደርጎ ይወሰዳል። አማካይ መጠኑ 60 ማይክሮሜትር ገደማ የሆነ የነዳጅ መሰንጠቂያ ካታሊስት (የኬሚካል ለውጥ የሚያፋጥን ዱቄት) በጥቂት ሚሊሜትር በሴኮንድ መንሳፈፍ ሲጀምር፣ ይህን ጣሪያ የሚደርስበት በግማሽ ሜትር በሴኮንድ አካባቢ ነው። የግፊት መለኪያው በአንድ ነጥብ ላይ መተከሉና በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን ልዩነት ማንበቡ የተለያየ ቁጥር ስለሚሰጥ፣ የጥናቶች አለመስማማት ሊያስገርምዎ አይገባም።

ጥያቄ፦ አረፋዎቹ ከፈረሱ ጋዙ በየት ያልፋል?

መልስ፦ ቅርጻቸው ባልተወሰነ፣ ተፈጥረው ወዲያው በሚፈርሱ ክፍተቶች በኩል ያልፋል። በአረፋማው ቤድ ከጋዙ ብዙው ቅንጣት ሳይነካ በአረፋ ውስጥ ሊያመልጥ ይችላል፤ እዚህ ግን ክፍተቱ በፈረሰ ቁጥር ጋዙ ወደ ጥቅጥቁ ክፍል ስለሚገባ ንክኪው ይሻሻላል። ሆኖም ስርጭቱ ወጥ አይደለም፦ መሃሉ ይሳሳል፣ የግድግዳው ዙሪያ ይጠቀጠቃል፤ ቅንጣቶቹም በአማካይ በመሃል ይወጣሉ፣ በግድግዳው በኩል ይወርዳሉ። የሚወርዱት ቅንጣቶች ጋዝ ይዘው ስለሚወርዱ፣ በግድግዳው አጠገብ የተለቀቀ መከታተያ ጋዝ ከተለቀቀበት ነጥብ በታች ይገኛል። ይህ ሙቀቱን ያስተካክላል፤ በኦክሳይድ ሂደት የምንፈልገው ምርት የመካከለኛ ደረጃ ውህድ ሲሆን ግን፣ ከጋዙ ጋር ወደ ኋላ የተመለሰው ምርት ከሚፈለገው በላይ ኦክሳይድ ስለሚሆን ጉዳት አለው። ስለዚህ ጋዙን ፍጹም እንደተቀላቀለ ወይም ጨርሶ እንደማይመለስ ቆጥሮ ማስላት፣ በእኔ ግምት፣ ሁለቱም ያሳስታሉ።

ጥያቄ፦ በ5 ሴንቲሜትር ቱቦ የተገኘ ውጤት ለትልቅ ሪአክተር ያገለግላል?

መልስ፦ በአብዛኛው አያገለግልም። በጠባብ ቱቦ አረፋው ስፋቱን ሊሞላ ስለሚችል፣ የሚለካው የዚያ ዘጊ አረፋ መፈራረስ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ የጋዙ ፍሰትና ሙቀቱ ሳይለወጡ ጋዙ ወደ ምርት የሚለወጥበት መጠን ቀስ በቀስ ቀነሰብን። ካታሊስቱ ደክሞ ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አስቀድመው ከቤዱ ናሙና ወስደው የቅንጣቶቹን መጠን ይለኩ። ከ44 ማይክሮሜትር በታች የሆኑት ደቃቆች ክፍተቶቹን ያሳንሳሉ፤ የሽግግሩንም ፍጥነት ዝቅ ያደርጋሉ። ሳይክሎኑ (ቅንጣቶችን በማሽከርከር ከሚወጣው ጋዝ የሚለየው መሣሪያ) ወይም የተለዩትን ወደ ቤዱ የሚመልሰው ቱቦ ሲታወክ ቀድመው የሚያመልጡት እነርሱ ናቸው። የቤዱንም ጥግግት ይመርምሩ፦ የቅንጣቱ ጥግግት 1500 ኪሎግራም በሜትር ኩብ ከሆነና በ1 ሜትር ርቀት የተተከሉ ሁለት መለኪያዎች 5.15 ኪሎፓስካል ልዩነት ካሳዩ፣ በመካከላቸው ካለው ይዘት ጠጣሩ 35 በመቶ ገደማ ነው። ደቃቁ መቀነሱ ከተረጋገጠ፣ ካታሊስት ከመለወጥ በፊት ሳይክሎኑ ይፈተሽ።