መልስ፦ ፍሬ የሌለው ሀብሀብ በምን ይዘራል?

ወንድሜ፣ «ፒያሳ የገዛሁት ሀብሀብ ፍሬ የለውም፣ መርፌ ወግተውት ይሆን? ዘር ከሌለውስ በምን ይዘሩታል?» ላልከው፣ መርፌ የሚባል ነገር የለም። ሳትሰጋ ብላ።

ነገሩ የክሮሞሶም፣ ማለትም በሴል ውስጥ የዘር መረጃ የሚሸከሙት ክሮች፣ ቁጥር ነው። ተራው ሀብሀብ በየሴሉ 22 ክሮሞሶም አለው። አዳቃዮች ገና የበቀለውን ችግኝ ጫፍ ኮልቺሲን የሚባል ኬሚካል ያስነኩትና ቁጥሩ እጥፍ፣ 44 ይሆናል። ይሄኛው ከተራው ጋር ሲዳቀል፣ ከሁለቱም ግማሽ ግማሽ ስለሚወስድ፣ ባለ 33 ክሮሞሶም ዘር ይሰጣል። ገበሬው በየወቅቱ የሚገዛው ይሄንን ነው፤ ለዚህ ነው ዘሩ ውድ የሚሆነው። ከዚህ የሚበቅለው ተክል የራሱን ዘር እንዲሠራ ክሮሞሶሙ ለሁለት እኩል መከፈል አለበት፣ 33 ደግሞ ለሁለት እኩል አይከፈልም። እንደ በቅሎ በለው፣ ጤነኛ ነው ግን አይወልድም። ስትቆርጠው የምታያቸው ነጫጭ ለስላሳ ነገሮች ውስጣቸው ባዶ የቀረ ዘሮች ናቸው፣ አብረህ ብትበላቸው ምንም አይሉህም።

ዘዴውን ያወጡት ጃፓናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሂቶሺ ኪሃራ ናቸው፣ ሥራቸውን እ.ኤ.አ. በ1951 አሳትመዋል። አንድ የሚረሳ ነገር አለ፦ ባለ 33ቱ የራሱ የአበባ ብናኝ አይሠራለትም፣ ስለዚህ አጠገቡ ተራ ሀብሀብ ካልተተከለና ንብ ካልተመላለሰ ጭራሽ አያፈራም።

ኮልቺሲን መርዝ ነው፣ እሱ እውነት ነው። ግን የነካው የሩቅ አያቱን ችግኝ እንጂ አንተ ሳህን ላይ ያለውን አይደለም።

ደግሞ ጁስ ቤት የምትጠጣው የአርባ ምንጭ ሙዝስ? እሱም ባለ 33 ነው፣ ያውም ያለ ኬሚካል። ተፈጥሮ ቀላቀለችው፣ ሰው መርጦ ያዘው፣ ከሥሩ የሚወጣውን ቡቃያ እየነቀለ እስከዛሬ ይተክለዋል። መሀሉ ላይ የምታያቸው ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ዘር መሆን ያቃታቸው ናቸው።